ከሮድስ እስከ ፍጥሞ፦ ከእማዬ ጋር በግሪክ ደሴቶች

ከመነሳታችን በፊት

የግሪክ ደሴቶች ሲባል ብዙ ሰው ፊቱ ላይ የሚመጣለት ሳንቶሪኒ ነው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሳ ፎቶ። እማዬ ግን የምታውቀው የግሪክ ደሴት አንድ ብቻ ነው፤ ፍጥሞ። «ስለ እግዚአብሔር ቃልና ስለ ኢየሱስ ምስክር ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበርሁ» የሚለውን የራእይ ቃል በቃሏ ትለዋለች። ከአዲስ አበባ እኔ ጋ ፍራንክፈርት እንደምትመጣ ሲታወቅ የት ልውሰድሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ዕቅዱን የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የወንጌላዊው ዮሐንስን ዕረፍት የምታከብረው ሴፕቴምበር 26 ነው። ፍጥሞ ላይ ትልቅ በዓል ነው። ቀኑ በእኛ መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት ላይ ይውላል። «ደመራ ሊያመልጠኝ ነዋ!» አለች እማዬ በስልክ። ትንሽ ዝም አለችና ደግሞ፣ «ግድ የለም፤ እግረ መስቀሉ ሥር የቆመው እሱ አይደል?» አለችኝ። በዚሁ ተቆረጠ። በዚያ ቀን ፍጥሞ መገኘት አለብን፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ይደለደላል።

ግሪክ ውስጥ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ከ200 በላይ ናቸው። ከዚህም ከዚያም ልቃርም ያለ ሰው ዕረፍቱን ወደብ ላይ ቆሞ ይጨርሰዋል። ደሴቶቹ በቡድን የተከፋፈሉ ናቸው። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ ጊዜ ወደ አቴንስ ወደብ፣ ወደ ፒሬየስ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔን የሚሰማኝ ካለ፣ አንድ ቡድን መርጦ አንድ የጀልባ መስመር ይያዝ። ፍጥሞ ያለችው ከቱርክ ጠረፍ ፊት ለፊት በተደረደሩት በዶዴካኔዝ ደሴቶች ውስጥ ነው። ከሮድስ የሚነሳ ካታማራን የሚሉት ፈጣን ጀልባ አለ። ሲሚን፣ ኮስን፣ ካሊምኖስን፣ ሌሮስንና ሊፕሲን እየነካ ፍጥሞ ይደርሳል። በየቀኑ ሁሉም ደሴት ላይ አይቆምም፤ የየዕለቱን ፕሮግራም ማየት የግድ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ያላቸው ሮድስ፣ ኮስ፣ ካሊምኖስና ሌሮስ ናቸው። ሲሚ፣ ሊፕሲና ፍጥሞ የላቸውም። ስለዚህ በአውሮፕላን ሮድስ ገብተን፣ በጀልባ ወደ ሰሜን እየወጣን፣ ከፍጥሞ በትልቁ መርከብ ፒሬየስ ወርደን ከአቴንስ ለመመለስ ወሰንን። የመጣንበትን መንገድ ደግመን አንሄድም።

ስለ ቪዛ ለሚጠይቁኝ፦ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። እማዬ የምትከርመው እኔ ጋ ስለሆነ ለጀርመን አመለከተች። የግሪኩንም ጉዞ ዕቅዱ ላይ አስገባነው። ቪዛው የሸንገን ስለሆነ ለግሪክም ያገለግላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል።

ወሩም ታስቦበት ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ኤጅያን ባሕርን ያናውጠዋል። ነፋሱ ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣን መርከብ እንዳይነሳ ያግዳል። ቀድሞ የሚቀረው ደግሞ ፈጣኑ ጀልባ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነፋሱ ረገብ ይላል፣ ባሕሩ ግን ገና ሞቃት ነው። ቢሆንም ከበዓሉ በፊት ትርፍ ቀን ያዝኩ። ባሕር ቃል አይገባም።

ቅዳሜ፣ ሮድስ

ከሰዓት በኋላ ገባን። ማረፊያችን አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከግንቡ ወዲህ ነው። መኪና እስከ በር አይደርስም። ሻንጣ እየጎተቱ በጠጠር ንጣፍ ላይ መሄድ ለጉልበተኛም ከባድ ነው፤ እማዬ ግን ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ወጣችው።

ከተማውን የገነቡት የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ይባላሉ፤ መነኮሳትም ወታደሮችም የነበሩ የአውሮፓ ካቶሊኮች ናቸው። ከ1309 ጀምሮ ኦቶማኖች እስከወሰዱት እስከ 1522 ድረስ ሮድስን ገዙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የነሱ ጎዳና ዛሬም እንዳለ ነው። ቀጥ ያለ አቀበት፣ ግራና ቀኙ ቡናማ ድንጋይ፣ በየበሩ ላይ የተቀረጸ ዓርማ። ጫፉ ላይ ያለው የአለቃቸው፣ የታላቁ መምህር ቤተ መንግሥት ግን የሚመስለውን ያህል አሮጌ አይደለም። በ1856 አጠገቡ የተቀመጠ ባሩድ ፈንድቶ አፈረሰው። አሁን የምናየው ጣልያኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ መልሰው ያቆሙት ነው። ለንጉሣቸው ለቪቶርዮ ኢማኑኤልና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን ነበር የታሰበው።

«እዚህም ነበሩ እንዴ?» አለች እማዬ። በ1936 አዲስ አበባን ይዞ ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያስባለው ያው ቪቶርዮ ኢማኑኤል ነው። እዚህ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ነበሩ። ወደዚህ ነገር ሌሮስ ላይ እመለስበታለሁ።

ማታ ፒታሩዲያ በላን። ከሽምብራ፣ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከናና ተሠርቶ በዘይት የሚጠበስ የሮድስ ምግብ ነው። የጾም ነው። እማዬ ስሙን ጽፌ እንድይዝላት አዘዘችኝ።

እሑድ፣ ሊንዶስ

አውቶቡስ ይዘን ሊንዶስ ሄድን። አምባው ላይ የአቴና ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ። ወደ ላይ በአህያ የሚያወጡ አሉ፤ በዚያ ፀሐይ ለእንስሶቹ ስለማዝን በእግር መውጣቱን እመርጣለሁ። እማዬ ከታች ጥላ ሥር ጠበቀችኝ። የሷ ሐሳብ ከአምባው ማዶ ያለው ትንሽ ወሽመጥ ላይ ነበር። የቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ ይባላል። ዳሩ ላይ ነጭ ጸሎት ቤት ቆሟል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ላይ ጳውሎስ በመርከብ ወደ ቆስ፣ በነገው ወደ ሩድ እንደመጣ ተጽፏል። ሩድ ሮድስ ናት። የአገሩ ትውፊት የወረደው እዚህ ነው ይላል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከታች ያለው ጠጠር ይቆጠራል።

ማታ ወደ ሮድስ ስንመለስ በአይሁዶች ሰፈር አለፍን። በ1577 የተሠራው ካሃል ሻሎም ምኩራብ ዛሬም ቆሟል፤ ግሪክ ውስጥ ካሉት በጣም አሮጌው ነው። በጁላይ 1944 ናዚዎች ከዚህ ሰፈር ከ1,600 በላይ ሰው በጀልባ ጭነው ወደ አውሽቪትዝ ወሰዱ። የተመለሱት ጥቂት ናቸው። አደባባዩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ብዙ ቱሪስት አይስክሬም ይዞ አጠገቡ ያልፋል። ሮድስ የሚሄድ ሰው እዚህ ቆም ይበል።

ሰኞ፣ ሲሚ

በካታማራን አንድ ሰዓት አይሞላም። ጀልባው ወደቡ ውስጥ ሲታጠፍ ሁሉም ሰው ተነሳ። ቢጫ፣ ክሬም፣ ፈዛዛ ሮዝ ቤቶች ከውሃው ዳር ጀምረው ተራራው ላይ ተደራርበዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይቺ ደሴት ከ20,000 በላይ ሰው ነበራት ይባላል። ዛሬ 3,000 አይሞሉም። ሀብቱ የመጣው ከባሕር ወለል ስፖንጅ እየለቀሙ ከመሸጥ ነበር። ጠላቂዎቹ ከሥር በፍጥነት ሲወጡ ደማቸው ውስጥ የሚፈጠረው የአየር አረፋ ብዙ ወጣት ገድሏል፤ ብዙውን ሽባ አድርጓል። እነዚያ ያማሩ ቤቶች የተሠሩት በዚህ ገንዘብ ነው።

ለዕቅድ የሚጠቅም አንድ ነገር፦ ከወደቡ ወደ ላይኛው መንደር የሚወስደው ደረጃ ወደ 500 ነው። ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር የሚሄድ ሰው ማረፊያውን ከታች፣ ያሎስ የሚባለው ወደብ ላይ ይያዝ።

ማክሰኞ፣ ፓኖርሚቲስ

ይሄን ቀን ለእማዬ ሳልነግራት ነበር ያቆየሁት። አውቶቡሱ በደሴቲቱ አናት ላይ ተጠምዝዞ ወደ ደቡብ ጫፍ ሲወርድ ክብ ወሽመጥ ታየ። ዳሩ ላይ ረጅም ነጭ ሕንፃ፣ መሐሉ ላይ ከፍ ያለ የደወል ማማ። የሊቀ መላእክት ሚካኤል ገዳም ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽና ጨለም ያለ ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው፤ በሻማ ጭስ ጠቁሯል። ከፊት ለፊት የሚካኤል ሥዕል አለ፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ በብር ተለብጧል። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ከሥዕሉ ሥር ጣት የምታክል ስስ ብር ተደርድሯል። አንዱ ላይ እግር ተቀርጿል፣ አንዱ ላይ ዓይን፣ አንዱ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን፣ አንዱ ላይ ጀልባ። ማንም አላስረዳትም። «ስለት ነው» አለች። እግሩ የዳነለት፣ ልጅ የሰጣት፣ ከማዕበል የተረፈ።

ስለቱ ብር ብቻ አይደለም። መጥረጊያ የሚያመጡ አሉ፤ ቤቱን እንዲጠርግላቸው ለሚካኤል የሚሰጡት ነው። መምጣት ያልቻለ መርከበኛ ደግሞ ጸሎቱን ወይም ገንዘቡን ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ ባሕር ላይ ይጥላል። ጠርሙሱ ተንሳፎ እዚህ ወሽመጥ ይገባል ብለው ያምናሉ። ቤተ መዘክሩ ውስጥ የደረሱ ጠርሙሶች ተቀምጠዋል። እማዬ መስታወቱ ላይ ተደግፋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

በዓሉ ኖቬምበር 8 ነው። «የእኛ ኅዳር 12 እኮ ነው» አለች ቅር ብሏት። ኅዳር 12 ኖቬምበር 21 ላይ ነው የሚውለው። ልዩነቱ 13 ቀን ነው፤ የድሮውና የአዲሱ ካሌንደር ልዩነት። በድሮው ካሌንደር ኅዳር 12 ራሱ ኖቬምበር 8 ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት።

«ታዲያ ያው ኅዳር ሚካኤል ነው በይኛ!»

ነው። ጧፍ አበራች፤ ለኔም፣ ለወንድሜም፣ ለጎረቤቷም።

ረቡዕ፣ ሌሮስ

ጠዋት ነፋስ ተነሳ። ጀልባው ይነሳል ወይስ አይነሳም እያልን ወደብ ላይ ጠበቅን። ተነሳ። ከኮስ በፊት ያለው ክፍት ባሕር ላይ ክፉኛ ናጠን። ሠራተኞቹ ከረጢት ያድሉ ጀመር። እማዬ ውዳሴ ማርያም አውጥታ የረቡዕን ደገመች፤ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ኮስን በመስኮት ብቻ አየናት። የሐኪሞች አባት የሚባለው የሂፖክራተስ አገር ናት፤ ጊዜ ያለው ሰው ወርዶ የጥንቶቹ ግሪኮች የፈውስ አምላክ የነበረውን የአስክሌፒዮስን መቅደስ ፍርስራሽ ይይ። ካሊምኖስ ስንደርስ ባሕሩ ረጋ አለ።

ሌሮስ ላይ ላኪ የሚባለው ወደብ ስንወርድ ግን እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ከሌሎቹ ደሴቶች አንዱንም አይመስልም። ሰፋፊ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ። ማዕዘናቸው የተጠጋጋ፣ ጌጥ የሌላቸው ሕንፃዎች። የሰዓት ማማ ያለው ገበያ፣ ሲኒማ ቤት። ጎንደር ፒያሳ ፖስታ ቤቱ አጠገብ የቆመ ሰው ይሄንን ሥራ ያውቀዋል። አሥመራን ያየም እንደዚሁ። ጣልያኖች በ1930ዎቹ ለባሕር ኃይላቸው የሠሩት ከተማ ነው፤ ፖርቶላጎ ብለውት ነበር፣ በገዥያቸው በማርዮ ላጎ ስም። ከሱ በኋላ ከ1936 እስከ 1940 ደሴቶቹን የገዛው ዴ ቬኪ ደግሞ ቀድሞ የጣልያን ሶማሊያ ገዥ ነበር። የግሪክኛ ትምህርትን ያገደው እሱ ነው።

እዚህ ጋ የማይረሳኝን ነገር ልጻፍ። ጣልያን ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የፈረመችው የሰላም ውል ቀኑ ፌብሩዋሪ 10፣ 1947 ነው። በዚያ ውል ዶዴካኔዝን ለግሪክ ለቀቀች። በዚያው ውል የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች፤ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ልትከፍለንም ተስማማች። የግሪክ ድርሻ 105 ሚሊዮን ነበር። እነዚህ ደሴቶችና የእኛ አገር አንድ ወረቀት ላይ ሰፍረዋል። ይሄን ለእማዬ ሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሜ ነገርኳት። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ለብዙ ጊዜ ሕንፃውን አየችው፤ «ከሠሩስ አይቀር ደህና አድርገው ነው የሠሩት» አለችና ወደ ባሕር ዛፎቹ ጥላ ሄደች።

ረቡዕ ጾም ነው። ግሪክ ውስጥ ጾመኛ አይቸገርም። አስተናጋጁን «ኒስቲሲሞ» ማለት ብቻ ነው፤ የጾም ማለት ነው። ቲማቲም ውስጥ የበሰለ ትልልቅ ነጭ ባቄላ፣ በሎሚና በወይራ ዘይት የተለወሰ ቅጠላ ቅጠል፣ ፋቫም መጣ። ፋቫ የተከካ አተር ተቀቅሎና ተፈጭቶ የሚቀርብ ነው፤ ወፍራም ሽሮ ይመስላል። ዓሣና የወይራ ዘይት ላይ የነሱ ሕግ ከእኛ ጋር አንድ አይደለም። እማዬ ዓሣ በጾም አትነካም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ ፍጥሞ

ነፋሱ ወድቋል። በሊፕሲ በኩል አልፈን ስካላ ወደብ ገባን። ከላይ ተራራው ላይ ግራጫ ምሽግ የሚመስል ነገር ይታያል። ገዳሙ ነው። በ1088 ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ክሪስቶዱሎስ ለሚባል መነኩሴ ሰጡት፤ ገዳሙን የመሠረተው እሱ ነው። ግንቡ የባሕር ወንበዴን ለመከላከል የተሠራ ነው። የራእዩ ዋሻ ያለው ከወደቡና ከላይኛው ከተማ መሐል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ደረጃ ወርደን ደረስን። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለችና በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ ማንም አያወልቅም። ጠባቂው አንድ ነገር ይላት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን ጫማዋን አንስቶ በሰው እግር እንዳይረገጥ ወደ ጥግ አደረገላት።

ዋሻው ጠባብ ነው። ግማሹ ጸሎት ቤት፣ ግማሹ ያልተነካ ዓለት። ቀኝ በኩል ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ዓለቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ዙሪያው በብር ተከቧል። ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ነው ይላሉ። ከሱ ከፍ ብሎ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ አለ፤ ሲነሳ እጁን የደገፈበት። ጣሪያው ላይ ዓለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይሉታል። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት ዓለትም ይታያል። ወደዚህ የተጋዘው በንጉሡ በድምጥያኖስ ዘመን እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። ብሩ በብዙ እጅ ተዳስሶ ልሟል።

እማዬ ተንበርክካ ግንባሯን ዓለቱ ላይ አሳረፈች። «ፍቁረ እግዚእ፣ ነባቤ መለኮት፣ አቡቀለምሲስ» እያለች በስሞቹ ጠራችው። ከኋላችን አንድ የጎብኚ ቡድን ገብቶ ነበር። አስጎብኚያቸው ድምጿን አቋርጣ እስክትነሳ ጠበቀች።

ማታ ገዳሙ ውስጥ ዋዜማ ቆመን ቆየን።

ዓርብ፣ በዓሉ

በጠዋት ወጣን። ግቢው ሞልቷል። ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች፣ ሱፍ የለበሱ ወንዶች፣ የደሴቲቱ ልጆች። በመሐል አንዲት ነጭ ነጠላ፤ የእማዬ። ወንበር አላቸው፣ እሷ ግን ዓምድ ተደግፋ ቆመች። ዜማው ያለ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ከሥር አንድ ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ቋንቋውን አናውቀውም። ግን «ኪርዬ ኤሌይሶን» ሲሉ እማዬ «ኪርያላይሶን» ብላ ገባች። በሚቀጥለውም ገባች። አጠገቧ የነበሩት አሮጊት ዞር ብለው አይዋት፤ እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉና እንደዚያው ቆዩ።

ቁርባን አልቀረብንም። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አይገናኙም፤ ሁለቱንም ማክበር ይገባል። በቅዳሴው ፍጻሜ ለሁሉ የሚታደለውን ዳቦ አሮጊቷ አምጥተው ሰጡን።

በዚህ ወቅት የግሪክ ሰዓትና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው። ማታ 12 ሰዓት ገደማ እህቴ ከመስቀል አደባባይ ደወለች። ደመራው ሲለኮስ ላይኛው ከተማ የንፋስ ወፍጮዎቹ አጠገብ ተቀምጠን በስልክ አየነው። እማዬ እልል አለች። የግሪክ ልጆች መጥተው ስልኩን ከበቡት።

ቅዳሜ፣ መስቀል

የገዳሙን ቤተ መዘክር አየን። ሐምራዊ ቀለም በተነከረ ብራና ላይ በብር ፊደል የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎች አሉ፤ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ገዳሙ 33ቱን ይዟል። የ1088ቱ የንጉሡ ሰነድም እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ ግሪኮስ ወርደን እማዬ እግሯን ባሕር ውስጥ አደረገች። ሞቀኝ እያለች እስከ ጉልበቷ ገባች።

እሑድ፣ መመለስ

ወደ ፒሬየስ የሚሄደው ትልቅ መርከብ በሌሊት ነው የሚመጣው። ካቢን መያዝ ያዋጣል፤ ከእናት ጋር በወንበር ማደር አይሆንም። ወደቡ ላይ ስንጠብቅ የማረፊያችን ባለቤት ልትሰናበተን መጣች። ስለ ጸሎተ ሐሙስ ነገረችን። በዚያ ቀን ላይኛው ከተማ አደባባይ ላይ መድረክ ይሠራል፤ አበምኔቱ በሕዝብ ፊት የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። ሕጽበተ እግር። ፋሲካ ደግሞ የእነሱና የእኛ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ 13 ቀን የሚባል ነገር የለም። እማዬ ወዲያው ዞር ብላ፣ «ቪዛዬ እስከ መቼ ነበር?» አለችኝ። ለሰሙነ ሕማማት ቤቶቹ ከብዙ ወር በፊት ይያዛሉ አለች ሴትየዋ። ስልክ ቁጥሯን ወሰድኩ፣ አንድ ክፍል ከአሁኑ በስማችን እንድትጽፍ ጠየቅኳት።